ከማዕበሉ የወረደው ክር

ጎረቤቴ እትዬ አየሁሽ ሦስት ዓመት ሙሉ በራቸውን ሳይቀረቅሩ ነው ያደሩት። በእኛ ከተማ በሸሕዲ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ከጎጃሙም ከወሎውም የሚመጣው የቀን ሠራተኛ በየበረንዳው ሲተኛ፣ እኔ በሬን ቀርቅሬ፣ ከበሩ ኋላ የውሃ በርሜል አስጠግቼ፣ ከበርሜሉ ኋላ ባለቤቴን ስርጉትን አስተኝቼ ነው የማድረው። ሠራተኛው ሌባ ሆኖ አይደለም፤ እኔ ፈሪ ሆኜ ነው። እትዬ አየሁሽ ግን በራቸውን ገርበብ አድርገው ይተዉታል። ልጃቸው ለይኩን ድንገት ቢመጣ ደጅ እንዳይቆም ብለው ነው።

ለይኩን የወጣው በመተማ ነው። ያኔ ሱዳን ገና አልታመሰችም ነበር። ካርቱም ደረሰ፣ ከዚያ ሊቢያ ገባ፣ ከሊቢያ ባሕር ዳር አንድ ፎቶ ላከ። ፎቶው ላይ በውሃ የሚያንሳፍፍ ብርቱካንማ ጃኬት ለብሶ ይስቃል። ጃኬቱ ሰፍቶት አንገቱ ውስጥ ገብቷል፤ ኤሊ መስሏል ብዬ ለእናቱ ቀልጄ ነበር። ምነው ባልቀለድሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

ዓመት ሳይሞላ አብዱረሕማን የሚባል አብሮት የነበረ የመተማ ልጅ ተመልሶ መጣና መርዶውን ነገረን። ጀልባዋን መሐል ባሕር ላይ ማዕበል አገኛት፣ ተሰበረች፣ እሱን ሌላ መርከብ አነሣው፣ ለይኩንን ማዕበሉ ወሰደው። ሬሳውን ግን አላየሁም አለ። እውነተኛ ልጅ ነው፣ ያላየውን አየሁ አላለም። ትንሽ ቢዋሽ ኖሮ ብዬ ያማሁት በኋላ ነው።

በእኛ ዘንድ ሰው ሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ካልመጣ በልብሱ ይለቀሳል። ልብሱ ወጥቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ይዘረጋል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል፣ ሰው ይወጣለታል። ለይኩን ግን ያለችውን ልብስ ግማሿን ለብሶ ግማሿን ጠቅልሎ ነው የሄደው። ቤት ውስጥ አንዲት ካልሲ እንኳ አልቀረችም። ቄሱም ዘመዱም እየመጡ ሲለምኗቸው የእትዬ አየሁሽ መልስ አንድ ነበር፦ በምኑ ላይ ላልቅስ? ፎቶው አለ ሲባሉ፣ ፎቶው ይስቃል፣ በሚስቅ ላይ አይለቀስም አሉ። እንዲህ ሆነው፣ ሳያለቅሱም ተስፋ ሳያደርጉም፣ እህል እየተዉ ከሰሉ። ቀሚሳቸው እንጂ እሳቸው ያሉ አይመስሉም ነበር። ስርጉት፣ ይቺ ሴት ካላለቀሰች ክረምቱን አትወጣውም ማለት ጀመረች።

በሚያዝያ ትርሐስ የምትባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ዶክተር አልናት፤ ኧረ ገና ነኝ አለች፤ እኛ ግን በሹመት አንሰስትም። የምትፈልገው ግቢው ገላጣ የሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ነበር። እኔ ባየልኝ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ቤቴ ከከተማው ዳር ነው፣ የማድቤቴን ቆርቆሮ ደግሞ አምና ነፋስ ወስዶልኛል። ከእኔ የተሻለ ገላጣ ከየት ይመጣል? ግቢዬ መሐል የብረት ምሰሶ ተከለችና ጫፉ ላይ ጋዝ መቅጃ የመሰለ፣ አፈ ሰፊ፣ የሚያብለጨልጭ ብረት አሰረች። ከሥሩ የመስታወት ጠርሙስ አለው። መንደሩ ወዲያው ጡሩምባ ብሎ ስም አወጣለት።

ምን እንደሚነፋ ስንጠይቃት አስረዳችን። ሰው የጣለው ፕላስቲክ በወንዝ ባሕር ይገባል፣ እዚያ እየተፈጨ ከዓይን እስኪሰወር ይደቅቃል። ባሕሩ ጸጥ ሲል አብዛኛው እዚያው ይቀመጣል። ብርቱ ማዕበል ሲነሣ ግን ውሃው አረፋ ይሆናል፤ አረፋው ሲፈነዳ ጨዉንና ያንን ድቃቂ ወደ ላይ ይተፋዋል፣ ነፋስ ይቀበለዋል። በማዕበል ቀን ከባሕር በላይ ያለው አየር የሚሸከመውና በጸጥታው ቀን የሚሸከመው አይወዳደርም አለች። እሷ ማወቅ የፈለገችው ከባሕር ይህን ያህል በራቀ አገርም ይወርድ እንደሆነ ነው።

ስርጉት ከየትኛው ባሕር ነው የሚመጣው አለቻት። ትርሐስም፣ ከቀይ ባሕር ሊሆን ይችላል፣ ከሰሜኑም ባሕር ሊሆን ይችላል፣ ከዚሁ ከሸሕዲ ቆሻሻም ሊሆን ይችላል፣ የምንለቅመው ስለማናውቅ ነው አለች። እትዬ አየሁሽ በአጥሩ በኩል ቆመው ይሰሙ ነበር። ከዚያ ሁሉ ነገር "ከሰሜኑም" የምትለዋን ብቻ ይዘው ገቡ።

ትእዛዙ ብዙ ነበር። ጡሩምባው በአዘቦት ቀን በጥጥ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆያል፤ የአሸዋ ወይም የዝናብ ማዕበል ሲመጣ ብቻ ይከፈታል። የሚከፍተው ሰው የጥጥ ልብስ ይልበስ። ፕላስቲክ የሆነ ነገር አጠገቡ አይድረስ። ትርሐስ ከሄደች በኋላ ከቤታችን ፕላስቲክ ያልሆነውን ለመለየት ሞከርን። ጫማው ፕላስቲክ፣ ጀሪካኑ ፕላስቲክ፣ ወንበሩ፣ ገመዱ፣ ሰሊጥ የምናራግፍበት ሸራ፣ የምንሞላበት ከረጢት፣ ሁሉም። ፕላስቲክ ያልሆነችው ስርጉት ብቻ ናት ብዬ ስመሰክር ሹሩባዋን ነካ አድርጋ ግማሹ የሱቅ ነው አለችኝ። በመጨረሻ ነጭ ጋቢዬ ተመረጠ። ደብተርም ተሰጠኝ። በእያንዳንዱ ማዕበል ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና ስከፍት የለበስሁትን እጽፋለሁ።

ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰሊጥ መጋዘኑን እየጠበቅሁ ነበር። ጥበቃ ነኝ። መኪና ወደኋላ ሲመጣ ሹፌሩ እንዲያየን ተብሎ ለሁላችንም ብርቱካንማ ሰደርያ ተሰጥቶናል፤ ከለበስሁት ዓመቱ ስለሆነ መልበሴንም ረስቼዋለሁ። ለቆላ ሰው ሙቀት ወሬ አይሆንም፤ የዚያን ቀን ግን ሙቀቱ ድምፅ ያለው ይመስል ነበር። ወፍ የለም። አህዮቹ፣ የታሰሩትም የተፈቱትም፣ ጀርባቸውን ለሱዳን ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ደጋው አዙረው ተሰልፈው ቆመዋል። ያሰለፋቸው ሰው የለም። ቀና ስል በምዕራብ በኩል ምድር ተነሥታ ቆማለች።

ይህን የአሸዋ ማዕበል ሱዳኖቹ ሃቡብ ይሉታል። በየዓመቱ እናየዋለን፣ መስኮት ዘግተን እናሳልፈዋለን። ይኸኛው ግን ከሥሩ ጥቁር ነው፣ ጫፉ ቢጫ ነው፤ ሲመጣም አይጮህም። ለጓደኛዬ ቦታዬን ትቼ ወደ ቤቴ ሮጥሁ። በአርባ ስድስት ዓመቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ስርጉት እስከ ዛሬ፣ ለማገዶ ስልክህ እንደዚያ ብትሮጥ እንዴት በጸደቅህ ትለኛለች።

ግቢ ስገባ ጡሩምባው ያንጎራጉራል። ጨርቁ ገና አልተነሣም፣ ነፋሱም አልደረሰም፤ አፉን ገጥሞ እንደሚያዜም ሰው ይል ነበር። ጨርቁን ገፈፍሁት። በዚያው ቅጽበት ቀኑ ጠፋ። ምሰሶው እንዳይወድቅ በደረቴ ተደግፌ ያዝሁት። አሸዋው አለፈ፣ ከኋላው ጭቃ ያዘለ ዝናብ መጣ፣ ጆሮዬ ላይ ጡሩምባው እየወፈረ እየወፈረ ሄደ። ከንፈሬ ላይ የወረደው ውሃ ጨው ጨው ይላል። ላቤ ነው ብዬ ዋጥሁት።

ግማሽ ሰዓትም አልቆየ። ብርሃን ሲመለስ ስርጉት በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ትልሳለች። ወደ መንገዱ ዞር ብል ባለሱቁም፣ ከሚኒባስ የወረዱት መንገደኞችም ከንፈራቸውን ይልሳሉ። 

ደብተሩን አወጣሁ። ቀኑን ጻፍሁ፣ ሰዓቱን ጻፍሁ፣ ነፋሱን ጻፍሁ። "የለበሱት" የሚለው ላይ ስደርስ ወደ ደረቴ ተመለከትሁ። ብርቱካንማው ሰደርያ እርጥብ ብሎ ከምሰሶው ጋር ሲፋተግ ዳሩ ተሸልቷል። ጋቢዬ ቤት ውስጥ ተሰቅሎልኛል። እንደ ተማሪ አፈርሁና "ነጭ ጋቢ" ብዬ ጻፍሁ። ሰደርያውን አውልቄ ከበርሜሉ ኋላ ወረወርሁት። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ያነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጭቃው ሲዘቅጥ ከላይ ክሮች ቀሩ። ነጭ አለ፣ ሰማያዊ አለ። በመካከላቸው ሰባት ብርቱካንማ ክሮች፣ እንደ ሽፋሽፍት የቀጠኑ፣ ተጠምዝዘው ይንሳፈፋሉ።

"ምን አመጣ?" አሉ እትዬ አየሁሽ ከአጥሩ ማዶ።

ልደብቀው አስቤ ነበር፣ ግን ደርሰው ነበር። ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ያዙት።  ቀጥለው ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር።

"ካንተ ልብስ የወጣ ነው ይኼ?"

"አይ፣ እትዬ። ነጭ ጋቢ ነበር የለበስሁ።"

"ነጭ ጋቢ" ብለው ደገሙት። ጠርሙሱንም መለሱልኝ። 

ለምን እንደዋሸሁ በኋላ ብዙ አሰብሁበት። መጀመሪያ ደብተሩ ላይ ስለጻፍሁት ነው፤ የጻፉትን መካድ ከባድ ነው። ሁለተኛው ግን ፊታቸው ነው። ሦስት ዓመት ያላየሁትን ፊት አሳዩኝና እንዲጠፋ አልፈለግሁም።

ትርሐስ በሳምንቱ መጣች። ደብተሩን አይታ ጎበዝ አለችኝ፤ ጎበዝ መባል እንደዚያ ቀን አንገቴን አስደፍቶኝ አያውቅም። ጠርሙሱን ልትወስድ ስትል እትዬ አየሁሽ ገቡና ከነዚህ አንዷን ስጪኝ አሏት። ትርሐስ የለይኩንን ነገር ከስርጉት ሰማች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እማማ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው ማሽን ምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደሆነ ይናገራል፣ የማን እንደነበረ ግን አይናገርም አለቻቸው። እሳቸውም የማን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም አሉ። ትርሐስ ከጠርሙሱ አልነካችም፤ ጡሩምባው ከንፈር ላይ ተለጥፋ የደረቀች አንዲት ብርቱካንማ ክር ነበረች፣ እሷን በወረንጦ አንሥታ ትንሽ ብርጭቆ ላይ አስቀመጠችላቸው።

እትዬ አየሁሽ ጣታቸውን አቀረቡ። ገና ሳይነኳት ክሯ ተነሥታ ወደ ጣታቸው ቆመች። እጃቸውን ወደ ቀኝ ሲያደርጉ ወደ ቀኝ ዞረች። ስርጉት አማተበች። ትርሐስ፣ ፕላስቲክ ሲደርቅ እንዲህ ያደርጋል፣ ማበጠሪያ ፀጉር እንደሚስበው ነው አለችን። እውነቷን ነው። ቤት ገብቼ በማበጠሪያ ሞክሬዋለሁ፤ ማበጠሪያው ግን እንደዚያ አላስፈራኝም።

ለቅሶው በሰኔ መጀመሪያ እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ። በክር ይለቀሳል ወይ ያሉ ነበሩ። ቄሱ ትንሽ አስበው፣ ልብስስ ክር አይደለም ወይ አሉና ተዘጋ። ትርሐስም ስለሰማች ቅዳሜውን መጥታ አደረች።

እሑድ ጠዋት ዳሱን ስንጥል ከእትዬ አየሁሽ ጋር ብቻችንን ቀረን። ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ብርጭቆውን መሐሉ ላይ ያደርጋሉ። የሰው ልጅ ሞት የሚለቀስበት ነገር ከእኔ ሰደርያ የተቦጨቀ ሊሆን ይችላል ብዬ ሳስብ አላስቻለኝም።

"እትዬ፣ የዚያን ቀን ጋቢ አልለበስሁም። የመጋዘኑን ሰደርያ ነበር የለበስሁ" አልኋቸው።

የጨርቁን እጥፋት እያቃኑ ነበር፣ ማቃናታቸውን አላቆሙም።

"አውቃለሁ" አሉ። "ስትሮጥ አይቼሃለሁ። እንዳንተ ያለ ሯጭ አይረሳም።"

"ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?"

"ሦስት ዓመት ሁሉም እውነት እውነቱን ሲነግረኝ ኖረ፣ ባየልኝ። አላየሁም፣ አላውቅም፣ አልሰማሁም። አንድ ሰው ቢዋሽልኝ ብዬ ነው።" ብርጭቆውን ትንሽ ወደ መሐል ገፋ አደረጉት። "አሁን ሂድና ጋቢህን ልበስ። ሰው ይመጣል።"

ሰው መጣ። እኔም ጋቢዬን ለበስሁ፣ እጀ ጠባብ ለበስሁ፣ ሱሪዬም የጥጥ ነው፤ የላስቲክ ጫማዬን እንኳ አውልቄ በባዶ እግሬ ሆንሁ። ሰደርያው መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ያለው ከተረኛው ጋር ነው። እትዬ አየሁሽ አለቀሱ። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣቸውም፣ ኋላ ሲወጣቸው ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ የራሱን ሟች አስታወሰ። ስማቸውን ለማላነሣቸው ለብዙዎቹ የዚህ ቆላ እናቶች ጭምር ያለቀሱ ነበር የሚመስለው። አብዱረሕማንም መጥቶ የዳሱን ምሰሶ ተደግፎ አምርሮ አለቀሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልቃሿ መሐል ላይ አቋረጠች። ለምን እንዳቋረጠች ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከአጥሩ ማዶ፣ ከእኔ ግቢ፣ ጡሩምባው ማንጎራጎር ጀምሯል።

ወደ ምዕራብ ዞርን፤ ምድር ተነሥታ ቆማለች። ሰዉ ነጭ ጨርቁን ከነብርጭቆው አንሥቶ ቤት ገባ። እኔ ወደ ግቢዬ ሄድሁ። ትርሐስ ልትከተለኝ ስትል እኔ እከፍተዋለሁ፣ ሹሩባሽ የሱቅ ነው አልኋትና ስርጉት ጎትታ አስገባቻት። ጨርቁን ገፈፍሁ፣ ወዲያውም ርቄ ከግድግዳው ሥር ኩርምት ብዬ በጋቢዬ ተሸፈንሁ። ጥፋት እንዳይኖር አንድ ጣቴ እንኳ አልነካውም። ቀኑ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ጡሩምባው እየወፈረ ሄደ፤ ድምፁ ከማንጎራጎር አልፎ ቃል ሊሆን ምንም ያልቀረው ይመስል ነበር። ጆሮዬን ደፈንሁ። ጨዉ ግን አፌ ውስጥ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ላቤ ነው ለማለት እንዳልችል እየበረደኝ ነበር።

ሲያልፍ ሄጄ ጠርሙሱን አወረድሁት። ጭቃው እስኪዘቅጥ ጠበቅሁ።

ክሮቹ እንደ ፊቱ ሰባት አልነበሩም፣ ሊቆጠሩም አልቻሉም። ብርቱካንማው ክር ውሃውን ሸፍኖ ተኝቷል። አንዷ የጣት ርዝመት አላት፤ ስፌት ከነበረበት የተፈታች ይመስል በእኩል በእኩል ርቀት ተጣጥፋለች። የጡሩምባውን አፍ ስጠጋ ከብረቱ ላይ የቀረች ሌላ ክር ተነሣች። ወደ እኔ አይደለም የቆመችው፣ ወደ አጥሩ ነው።

እትዬ አየሁሽ እዚያ ቆመው ነበር። ዓይናቸው አብጧል፣ ፊታቸው ግን ታጥቦ እንደተሰጣ ጨርቅ አርፏል። ብርጭቆዋ በእጃቸው ናት። ከኋላቸው ሰዉ እህል እያቀረበ ይጠራቸዋል፤ ይበሉ ይሆናል፣ የዚያን ቀን የሚበሉ ይመስላሉ።

"ምን አመጣ?" አሉኝ።

ጋቢዬን ወደፊት ሳብ አድርጌ ጠርሙሱን ሸፈንሁት።

"አቧራ ነው፣ እትዬ።"

አዩኝ። ጋቢዬን አዩ፣ ባዶ እግሬን አዩ። ከንፈራቸውን በምላሳቸው አንድ ጊዜ ነካ አደረጉና ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ።

ለቀስተኛው እስኪበተን ከደጃፌ አልተነሣሁም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከማዶ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ እንጨት በእንጨት ላይ ሲሄድ፣ ከዚያም ጠቅ ሲል። የእትዬ አየሁሽ በር መወርወሪያ ነው። ሦስት ዓመት ሳይነካ ስለኖረ እየተንቋቋ ነበር የገባው።

ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱን ጻፍሁ። "የለበሱት" የሚለው ላይ ስደርስ ወደ ላይኛው መስመር ተመለከትሁ። ያ ውሸት በእኔው እጅ ጽሕፈት ተቀምጧል፣ ትርሐስም አምናዋለች። ከሥሩ እውነቱን በዚያው ቃል ጻፍሁት፦ ነጭ ጋቢ። ሁለቱን ማን ይለያቸዋል?